«ባይብል ኮሌጅ ገብተህ እንዳትደርቅ!»

ሐዋሳ ውስጥ ቲዎሎጂ ልማር ነው ብለህ ለቸርች ልጆች ንገራቸውና ጉድህን ስማ። እኔ ስናገር ሐይቅ ዳር ቡና እየጠጣን ነበር፤ አንዱ ወዳጄ ስኒውን እንኳ ሳያስቀምጥ «ፊደል ይገድላል፣ መንፈስ ግን ሕይወትን ይሰጣል» አለኝ፤ ትምህርቱ መንፈሳዊ ሕይወትህን ያደርቀዋል ማለቱ ነው። በቃ፣ ፋይሉ ተዘጋ። አሁን ማታ ማታ እየተማርኩ ስለሆነ አንድ በአንድ ልመልስለት።

ጥቅሱ 2ኛ ቆሮንቶስ 3፥6 ነው፤ ስለ ትምህርት ግን አያወራም። አንድ ቁጥር ብቻ ወረድ ብትል፣ «ፊደል» የተባለው በድንጋይ ላይ የተቀረጸው የሙሴ ሕግ መሆኑን ጳውሎስ ራሱ ይነግርሃል። ደግሞ ማን ነው የጻፈው? የሕግ መምህሩ ገማልያል እግር ሥር ቁጭ ብሎ የተማረ፣ በስተመጨረሻም እስር ቤት ሆኖ ጢሞቴዎስን «ስትመጣ በርኖሴን፣ መጻሕፍቱንም፣ በተለይ ብራናዎቹን ይዘህልኝ ና» ያለ ሰው! እሱ ነው አትማሩ የሚለን?

«ጴጥሮስና ዮሐንስስ መች ተማሩ?» ይላሉ። ሐዋርያት ሥራ 4፥13 እንዲያ ይላል፣ አልክድም። ግን እዚያው ላይ «ከኢየሱስ ጋር እንደ ነበሩ አወቁአቸው» የሚልም አለ፤ ከጌታ ጋር እየዋሉ እያደሩ መማርን የሚያክል ትምህርት ቤት ካለ አሳየኝና እመዘገባለሁ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ እንኳ ኢሳይያስን እያነበበ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ነው ያለው። አላፈረም።

እማዬ ደግሞ ስመረቅ በነጋታው መጋቢ የምሆን ይመስላታል። ኮሌጁ የሚሰጠው ዲግሪ ነው፤ የምትሾመው ቤተ ክርስቲያን ናት፣ እሷም መጀመሪያ ኑሮህን ታያለች። ደሞዝ? ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ ነበር፣ እኔም ሥራዬን አልለቀቅኩም።

«ለሴት ምን ያደርጋል?» ለሚሉት፦ ሰባኪውን አጵሎስን ወስደው የጌታን መንገድ አብራርተው ካስረዱት ሁለቱ አንዷ ጵርስቅላ ናት። ለዚህ ትምህርት የግድ አዲስ አበባ መሄድ አለብህ የሚሉም አሉ፤ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ታቦር ኮሌጅ እያለ።

መድረቁን በተመለከተ ግን ወዳጄ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ቀኑን ሥራ ውዬ፣ ማታ የግሪክ ግስ ሳረባ አምሽቼ፣ ቤት ስገባ «ጌታ ሆይ» ብዬ ሳልጨርስ እንቅልፍ የጣለኝ ቀን ብዙ ነው። አሁን ባጃጅ ውስጥ እጸልያለሁ፤ ሾፌሩም ለምዶኛል።