የሰማያዊ ሕፃናት ሐኪም፦ ስለ ዶክተር ሄለን ታውሲግ ተሳስቶ የሚወራው

የሕፃናት የልብ ሕክምና ከተነሳ የዶክተር ሄለን ታውሲግ ስም ሳይጠራ አይቀርም። አሜሪካዊት ናቸው። በ1898 ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ተወለዱ። የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት ግን ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል ነው። ስማቸው የገነነው፣ ከነልብ ጉድለታቸው ተወልደው ሰውነታቸው ወደ ሰማያዊ ለሚያደላ ሕፃናት በተገኘው ቀዶ ጥገና ነው። (እዚህ የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ታሪካቸው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ግን አንዱ ጋ ይጋነናል፣ ሌላው ጋ ይቆረጣል። ሶሻል ሚዲያ ላይ በሦስት መስመር ሲጻፍማ ጭራሽ ሌላ ሰው ሆነው ቁጭ ይላሉ። እስቲ ደጋግመው ያጋጠሙኝን ላንሳ።

«ቀዶ ጥገናውን የሠሩት እሳቸው ናቸው»

አይደሉም። ዶክተር ሄለን የሕፃናት ሐኪም እንጂ ቀዶ ሐኪም አልነበሩም። የሳቸው ሐሳቡ ነው። ሐሳቡ ከየት መጣ የሚለው ደግሞ፣ ለኔ ከቀዶ ጥገናው በላይ ደስ የሚል ታሪክ ነው።

በ1930 ሃሪየት ሌን በሚባለው የሆፕኪንስ የሕፃናት ሆስፒታል የልብ ክሊኒኩን እንዲመሩ ተሰጣቸው። ከሚመጡት ልጆች መካከል ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ወደ ሰማያዊ ያደላ ነበሩ። «ብሉ ቤቢ» ይሏቸዋል። ትንሽ ይራመዱና ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ያኔ ቁጢጥ ይላሉ። ማንም አላስተማራቸውም። እግር ሲታጠፍ ወደ ታች የሚሄደው ደም መንገዱ ስለሚከብደው ወደ ሳንባ የሚያልፈው ትንሽ ይጨምራል፤ ልጁ ይህን በገዛ ሰውነቱ ደርሶበታል። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ መሐል ሜዳ ላይ ኳሱን ትቶ ቁጢጥ የሚል ልጅ ነበር። «ሰነፍ» እንለው ነበር። ስለነዚህ ሕፃናት ካነበብኩ በኋላ ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

ብዙዎቹ ሰማያዊ ሕፃናት ያለባቸው ችግር በፈረንሳዊው ሐኪም በፋሎ ስም የሚጠራው ነው። ፋሎ በ1888 አራት ጉድለቶች አብረው እንደሚመጡ ጽፈዋል። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ በታችኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ፣ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ጠባብ ነው። ስለዚህ ደሙ ሳንባ ሄዶ ኦክስጅን ሳይጭን በቀዳዳው ሾልኮ ወደ ሰውነት ይመለሳል። በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪም «ልባቸው ደክሞ ነው የሚሞቱት» ይል ነበር። ዶክተር ሄለን ግን ነገሩ የልብ ድካም ሳይሆን የመንገድ መጥበብ መሆኑን አዩ።

እንዴት አዩ? ሕፃን ማሕፀን ውስጥ እያለ ከልብ ወደ ሰውነትና ወደ ሳንባ የሚወስዱትን ሁለቱን ትልልቅ የደም ቧንቧዎች የምታገናኝ አጭር ቧንቧ አለችው። ዳክተስ ትባላለች። ከተወለደ በኋላ በጥቂት ቀናት ትዘጋለች፤ መዘጋቷም ጤና ነው። ሰማያዊ ሕፃናት ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ዳክተሷ ክፍት የቀረችለት ሻል ይለዋል። የተዘጋችበት ይብስበታል። ይህ በአንድ ቀን የሚታይ ነገር አይደለም። ያንኑ ልጅ በየጊዜው እየጠሩ፣ እየመዘኑ፣ ራጅ እያነሱ፣ ከሞተም አስከሬኑ ሲመረመር ልቡን እያዩ የሚደረስበት ነው። እንግዲህ ጥያቄው መጣ፤ ሰው ሠራሽ ዳክተስ ብንሠራላቸውስ?

ጥያቄውን ይዘው ቦስተን ሄዱ። ዶክተር ሮበርት ግሮስ በ1938 ሳትዘጋ የቀረች ዳክተስ በቀዶ ጥገና ዘግተው ስማቸው ገንኖ ነበር። ዳክተስ በመዝጋት የታወቀን ሰው «አዲስ ሥራልኝ» ብሎ መጠየቅ ምን እንደሚመስል አስቡት። ግሮስ ፊት አልሰጧቸውም። በ1941 ግን ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር አልፍሬድ ብሌሎክ ወደ ሆፕኪንስ መጡ። እሳቸው ሰሙ።

«እሺ፣ የሠሩት ብሌሎክ ናቸዋ» ከተባለ ይህም ግማሹ ነው። ብሌሎክ ይዘዋቸው የመጡት አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበሩ፤ ቪቪየን ቶማስ። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። አናጢ ነበሩ፤ ለኮሌጅ ያጠራቀሟት ገንዘብ ባንኩ ሲከስር አብራ ጠፍታለች። ከሁለተኛ ደረጃ በላይ አልተማሩም። ሥራቸው የተመራማሪ ቢሆንም ለዓመታት በጽዳት ሠራተኛ መደብ ነበር የሚከፈላቸው። ወደ ክንድ የሚሄደውን ደም ቅዳ ከሳንባው ደም ቅዳ ጋር መስፋት እንደሚቻል 200 በሚሆኑ ውሾች ላይ ሞክረው ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ለእንዲህ ያለ ጠባብ ቧንቧ የሚሆን መርፌ ስላልነበረ የነበረውን እየቆረጡና እየሳሉ አሳጠሩት። ኖቬምበር 29 ቀን 1944 የመጀመሪያዋ ሕፃን ቀዶ ጥገና ሲደረግላት፣ ቶማስ ከብሌሎክ ትከሻ ጀርባ በርጩማ ላይ ቆመው «እንዲህ፣ በዚህ በኩል» ይሉ ነበር። በ1945 በወጣው ጽሑፍ ላይ ስማቸው የለም። ሆፕኪንስ የክብር ዶክትሬት የሰጣቸው በ1976 ነው። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የሦስቱንም ስም ጨምረው ይጠሩታል፤ ብሌሎክ፣ ቶማስ፣ ታውሲግ።

«የመጀመሪያዋ ሕፃን ድና አደገች»

ብታድግ ደስ ባለን። የ15 ወር ልጅ ነበረች፤ ክብደቷ ግን 4 ኪሎ ገደማ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ተሻላት፣ ቤቷም ገባች። ከወራት በኋላ ግን ሕመሙ ተመለሰባት፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ሞተች። የሁሉንም አፍ ያስያዘው ሦስተኛው ነው፤ መራመድ ያቃተው የ6 ዓመት ልጅ። ቧንቧውን ቆንጥጦ የያዘው መሣሪያ ሲለቀቅ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ከንፈሩ ቀላ። ሲነቃ የጠየቀው መነሳት ይችል እንደሆነ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ቀዶ ጥገና ቀዳዳውን አይደፍንም፣ ጠባቡንም አያሰፋም። ሌላ መንገድ ነው የሚከፍተው። ልብ ተከፍቶ ዋናው ጉድለት የሚጠገንበት ዘመን የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው።

«የልብ ሐኪም ጆሮው ካልሰማ ምን ሊሠራ?»

ዶክተር ሄለን ሠላሳዎቹ ውስጥ ሲገቡ ጆሯቸው እየደከመ ሄደ። ለልብ ሐኪም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ድምፅ የሚያጎላ ማዳመጫ ያዙ፤ የሰው ከንፈር ማንበብ ተማሩ፤ መዳፋቸውን ሕፃኑ ደረት ላይ አድርገው ንዝረቱን መለየት ለመዱ።

«ጆሮዋ ቢደክም በመዳፏ ሰማች» የሚለው ፖስት እዚህ ላይ ያበቃል። ያምራል፣ ግን የሥራውን ክብደት ይደብቃል። መዳፍ ብቻውን ምርመራ አይሆንም። ፍሎሮስኮፒ የሚባል፣ ልብ እየመታ በራጅ የሚታይበት መሣሪያ ነበራቸው። ልጁን ወዲህና ወዲያ እያዞሩ የልቡን ቅርጽ ያጠናሉ። የሞተ ልጅ ሲኖር ያዩትን ጥላ ከእውነተኛው ልብ ጋር ያመሳክራሉ። ይህን ሲያጠራቅሙ ኖረው በ1947 ስለ ተፈጥሯዊ የልብ ጉድለቶች ትልቅ መጽሐፍ አወጡ። ያ መጽሐፍ በመዳፍ ብቻ አልተጻፈም።

«ሃርቫርድ የተማሩ ናቸው፣ አባታቸውም እዚያው ፕሮፌሰር»

የአባታቸው ነገር እውነት ነው፤ የታወቁ የኢኮኖሚክስ ምሁር ነበሩ። ልጃቸው ፊደል ይምታታባት ስለነበር አጠገቧ ቁጭ ብለው ያስነበቧትም እሳቸው ናቸው። የሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት ግን ሴት አይቀበልም ነበር፤ እስከ 1945። አንዳንድ ኮርስ እንዲወስዱ ቢፈቀድላቸውም ዲግሪ አይታሰብም። የሴል ናሙና የሚያዩትም ለብቻቸው፣ ከወንዶቹ ተለይተው ነበር። ጆንስ ሆፕኪንስ ሴቶችን ስለሚቀበል ወደዚያ ሄዱ፤ በ1927 ተመረቁ።

«ሰማያዊ ሕፃናት ላይ ብቻ ነው የሠሩት»

ክሊኒኩን ሲረከቡ ወረፋውን የሞሉት ሌሎች ልጆች ነበሩ። ሲወለዱ ጤነኛ የነበሩ፣ ጉሮሯቸውን ታመው ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያቸው ያበጠ፣ ቀጥሎም የልባቸው በር የተበላሸ። ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። ፔኒሲሊን ገና እጅ ያልገባበት ዘመን ስለነበር ሕክምናው በአብዛኛው ለወራት አልጋ ላይ መተኛት ነበር።

ይህ ለአሜሪካኖች ታሪክ ሆኗል። ለእኛ አልሆነም። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ወዳለው የሕፃናት ልብ ማዕከል ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ ዛሬም በዚሁ የተጎዱ ናቸው። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም፤ ጨርሶ። የጉሮሮ ሕመሙ በባክቴሪያ የመጣ ከሆነ በጊዜው ፔኒሲሊን መውሰድ ነው የሚከላከለው። አንዴ ልብ ከተነካ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌ መወጋት አለ። «ልጁ ደህና ሆነ» ተብሎ መርፌው ሲቋረጥ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል።

«ታሊዶማይድን ከአሜሪካ ያስቀሩት እሳቸው ናቸው»

እዚህ ላይ የሁለት ሴቶች ሥራ ይደባለቃል። ታሊዶማይድ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ከ1957 ጀምሮ ለእንቅልፍ ይሸጥ የነበረ ክኒን ነው፤ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ነበር። እጅና እግራቸው ሳያድግ የተወለዱ ሕፃናት በዙ። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ እንዳያገኝ ያስቆሙት የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ሐኪም ፍራንሲስ ኬልሲ ናቸው። ኩባንያው በተደጋጋሚ ቢገፋም «ማስረጃው አይበቃም» ብለው ፈቃዱን ከለከሉ።

ዶክተር ሄለን የሰሙት በ1962 መጀመሪያ፣ ቀድሞ አብሯቸው ከሠለጠነ ጀርመናዊ የልብ ሐኪም ነው። ሰምተው ዝም አላሉም፤ 63 ዓመታቸው ነው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ጀርመን ገቡ። ክሊኒኮቹን ዞሩ፣ ሐኪሞቹን አነጋገሩ፣ ልጆቹን አዩ። ሲመለሱ ለሐኪሞች ተናገሩ፣ ኮንግረስ ፊት ቀርበው መሰከሩ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የመድኃኒት ሕጉ ጠበቀ። እንግዲህ ኬልሲ በሩን ዘጉ፤ ዶክተር ሄለን ደግሞ በሩ ለምን እንደተዘጋ አገሩ እንዲያውቅ አደረጉ።

«በ1963 ጡረታ ወጡ፣ በዚያው አበቃ»

ሙሉ ፕሮፌሰርነቱ ራሱ የደረሳቸው በ1959 ነው፤ በቀዶ ጥገናው ዓለም ካወቃቸው ከ14 ዓመት በኋላ! ጡረታ ከወጡ በኋላ በ1964 ከፕሬዚዳንት ጆንሰን የነፃነት ሜዳልያ ተቀበሉ። በ1965 የአሜሪካ የልብ ማኅበርን በፕሬዚዳንትነት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ካሳተሟቸው ከ100 በላይ ጽሑፎች 40 ያህሉ የጡረታ ዘመናቸው ናቸው።

ከነዚያ መካከል እኔን የሚገርሙኝ የክትትል ጥናቶቹ ናቸው። በ1940ዎቹ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሕፃናት አድገው፣ አግብተው፣ ወልደው ምን ላይ እንደደረሱ ከሃያ ዓመት በኋላም ይከታተሉ ነበር። ሐኪምና ታካሚ ሳይሆኑ ዘመድ ነበር የሚመስሉት።

በመጨረሻ ፔንሲልቬኒያ ገብተው ወፎች ላይ አተኮሩ። የወፍ ልብ እየከፈቱ ያያሉ። ሰው ላይ ያዩት ጉድለት ወፎችም ላይ ካለ፣ ነገሩ እርግዝና ላይ የተፈጠረ ስህተት ብቻ ሳይሆን ከሩቅ ዘር የመጣ ሊሆን ይችላል ብለው ያስቡ ነበር። ሜይ 20 ቀን 1986 በመኪና አደጋ ሲያርፉ 87 ዓመታቸው ነበር፤ ለ88 አራት ቀን ቀርቷቸው ነበር። የወፎቹ ጥናት ገና በእጃቸው ላይ ነበር።