የልጆች መኝታ ክፍል መብራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የደብረ ብርሃን የማታ ብርድ ልጆችን በጊዜ ብርድ ልብስ ውስጥ ያስገባል። ደብተሩም አብሮ ይገባል። እኛ ቤት መኝታ ክፍሉ ማጥኛም ነው።

«ነጭ አምፖል ለልጅ ይሻላል።» ለጥናት ሰዓት ጥሩ ነው፤ ለመኝታ ሰዓት ግን አይሆንም። ነጭ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊው ጨረር ይበዛል። እሱ ደግሞ እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ይቀንሳል፤ ልጆች ላይ ከአዋቂ ይብሳል። ልጁ «እንቅልፌ አልመጣም» ሲል ሁልጊዜ እያመካኘ አይደለም። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑን አገላብጡና የኬልቪኑን ቁጥር፣ ማለትም የብርሃኑን ቀለም የሚነግረውን ቁጥር፣ እዩ። 2700 ወይም 3000 ከሆነ ቢጫ ነው፤ 6500 ከሆነ ነጭ። እኔ ዝም ብዬ «አምፖል ስጠኝ» ስል የሚሰጠኝ ሁሌ 6500ው ነው።

«ዋቱ ከበዛ ብርሃኑ ይበዛል።» ይህ በድሮው አምፖል ቀረ። ዛሬ 9 ዋት ኤልኢዲ የድሮውን 60 ዋት ያህል ያበራል።

«ኮርኒሱ ላይ አንድ ጠንካራ አምፖል ካለ ይበቃል።» ልጄ ስትጽፍ አንገቷን ታጣምም ነበር። ስንት ጊዜ «ቀጥ በይ» ብያታለሁ! አንድ ማታ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳይ፣ አምፖሉ ከኋላዋ ነው፤ የራሷ ጥላ ደብተሩን ሸፍኖታል። በቀኟ ስለምትጽፍ ትንሽ አባዦራ በግራዋ አደረግንላት። አንገቷ ያኔውኑ ቀና አለ። ለግራኝ ልጅ በቀኝ በኩል ይሁን።

«በደብዛዛ ብርሃን ማንበብ ዓይን ያጠፋል።» ያደክማል፣ ራስም ያሳምማል፤ ዓይን ግን አያጠፋም። ልጁ የሩቁን ማየት እንዳይቸግረው የሚረዳው ቀን ቀን ውጭ ወጥቶ መጫወቱ ነው።

«ጨለማ የሚፈራ ልጅ በጨለማ ይልመድ።» እባካችሁ፣ ተዉት። ደብዘዝ ያለች ቢጫ ወይም ቀይ መብራት ከአልጋው ዝቅ አድርጉለት፤ ዓይኑ ላይ አትብራበት።

መብራት ሲሄድ ደግሞ «ኩራዝ ምን ያደርጋል? እኛም ያደግነው በሱ ነው» እንላለን። አዎ፣ አድገናል። ጠዋት አፍንጫችንን ስንጠርግ የሚወጣውን ጥቀርሻም አንረሳውም። ያ ጥቀርሻ ሳንባም ይገባል። ብርድ ልብስና ጋቢ በተደራረበበት አልጋ አጠገብ ኩራዝም ሻማም አታስቀምጡ። ትንሽ የሶላር መብራት ግዙ። ቀን ደጅ ፀሐይ ላይ ትዋል፣ ማታ ከልጆቹ አልጋ በላይ ሚስማር ላይ ትሰቀል።