የጊኒ ፒግ ጭርት፦ የመድኃኒት እጥበቱና ሕክምናው

ጊኒ ፒግ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ከሺህ ዓመታት በፊት የለመደች፣ ዛሬ ደግሞ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በብዙ ቤቶች የምትኖር ትንሽ እንስሳ ናት። ቆዳዋን ከሚያጠቁት ሕመሞች አንዱ ጭርት ሲሆን፣ መንስኤውም አብዛኛውን ጊዜ ትራይኮፋይተን የሚባለው የፈንገስ ወገን ነው። ግልገሎች፣ ያረገዙ እናቶችና በተጣበበ ቤት የሚኖሩ እንስሳት ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ሕመሙ ከፊት ይጀምራል፤ በአፍንጫ፣ በዓይንና በጆሮ ዙሪያ ፀጉር ይረግፋል፣ ቆዳውም ቅርፊት ያወጣል። ማሳከኩ ግን ብዙ ጊዜ የበረታ አይደለም። እንስሳዋ ራሷን እስክታቆስል የምታክ ከሆነ፣ ቆዳ ውስጥ የሚቦረቡረውን የእከክ ተባይ መጠርጠር ይገባል። ሁለቱ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ በዓይን ግምት መድኃኒት ከመጀመር ይልቅ የእንስሳት ሐኪም ከቁስሉ ጠርዝ ፀጉርና ቅርፊት ወስዶ በማይክሮስኮፕና በካልቸር (ናሙናውን አልምቶ ፈንገሱ መብቀሉን በማየት) ቢመረምር እጅግ ይሻላል። አንዳንድ ፈንገሶችን በሚያበራው የዉድ መብራት (የአልትራቫዮሌት መብራት) ሲታይ ምንም አለማብራቱም ከጭርት ነጻ ናት አያሰኝም፤ ትራይኮፋይተን በዚህ መብራት አብዛኛውን ጊዜ አይታይምና።

እጥበትን በተመለከተ ብዙ አሳዳጊዎች የሚስቱት ነገር አለ፤ ቆዳውን የሚያድነው መታጠቡ ሳይሆን መድኃኒቱ በቆዳው ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ማይኮናዞል የተባለ ፀረ-ፈንገስና ክሎርሄክሲዲን የተባለ ፀረ-ጀርም መድኃኒት ያለበት ሻምፑ 10 ደቂቃ ያህል ሳይታጠብ መቆየት አለበት፤ ወዲያው ከታጠበ ልፋቱ ከንቱ ነው። በ0.2 በመቶ መጠን የሚበጠበጠው ኢኒልኮናዞል የተባለ ፀረ-ፈንገስ መድኃኒት ግን ጨርሶ አይታጠብም፤ ፀጉሩ ላይ እንዳለ ይደርቃል፣ እስኪደርቅም እንስሳዋ እንዳትልሰው መጠበቅ ያስፈልጋል። ውሃው ለብ ያለና ጥልቀት የሌለው ይሁን፤ ፊቷ በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ ውሃ አይፍሰስበት። ብርድ በቀላሉ ስለሚጎዳት፣ በፎጣ ደርቃ ነፋስ በማይገባበት ሞቃት ክፍል ትቆይ። እጥበቱ ሐኪሙ በሚወስነው የቀናት ልዩነት ለሳምንታት ይደጋገማል።

ሕመሙ ከተስፋፋ በአፍ የሚሰጡ ፀረ-ፈንገስ መድኃኒቶች፣ ኢትራኮናዞል ወይም ተርቢናፊን ይታዘዛሉ። ሌላው ፀረ-ፈንገስ ግሪሶፉልቪን ፅንስን ስለሚጎዳ ላረገዘች እንስሳ አይሰጥም። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲን በሰውነቷ ማምረት ስለማትችል፣ በመኖዋ በየቀኑ ካላገኘች ቆዳዋ ቶሎ አያገግምም።

ፀጉሩ መብቀሉ ሕክምናውን ለማቆም በቂ ምክንያት አይደለም፤ ካልቸሩ ንጹሕ መሆን አለበት። አብረዋት የሚኖሩትም ምልክት ባይታይባቸውም ፈንገሱን ሊሸከሙ ስለሚችሉ አብረው ይመርመሩ። የፈንገሱ ስፖር (የሚራባበት ጥቃቅን ዘር) ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ጉዝጓዙ በየጊዜው ይጣል፤ ፈሳሽ የማይመጥጥ ዕቃ መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ከዚያ በበረኪና ይጽዳ፤ የእንጨት ቤት ግን ቢጣል ይመረጣል።

በአውሮፓ ትራይኮፋይተን ቤንሃሚየ የተባለው የዚህ ፈንገስ ዝርያ ከጊኒ ፒግ ወደ ሰው፣ ይልቁንም ወደ ልጆች፣ እንደሚተላለፍ በሰፊው ተመዝግቧል። ስለዚህ የታመመችውን እንስሳ በጓንት መያዝ ያስፈልጋል። ቆዳው ላይ ክብ ሽፍታ የወጣበት ልጅ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብም፣ ወላጆቹ እቤት ጊኒ ፒግ መኖሯን አስቀድመው ይናገሩ።