«አንዴ ቻርጅ ካደረጉት 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል»፦ ስለ ታጣፊው ባለ ወፍራም ጎማ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለ 20 ኢንች ቸርኬ፣ ባለ 4 ኢንች ጎማና ከወገቡ የሚታጠፍ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመግዛት ያሰበ ሰው የሚጠይቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ስንት ዋት ነው?»። ሁለተኛውም አይለወጥም፤ «ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?»። ሦስተኛ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ገዢው ሁለቱን ቁጥሮች ከሻጩ ሰምቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ጥገና ቤቴ ይመጣል። በሙያዬ ብስክሌት መጠገን እንጂ ተስፋ መጠገን ስለማልችል፣ ከመግዛት በፊት ሊታወቅ የሚገባውን እዚህ ላይ ማስፈር የተሻለ ነው።

«ዋቱ ከበለጠ ጉልበቱ ይበልጣል»

ሞተሩ ላይ የታተመው ዋት ብዙ ጊዜ የሚናገረው ሞተሩ ስለሚችለው ነገር ሳይሆን ብስክሌቱ የሚሸጥበት አገር ሕግ ስለሚፈቅደው ነገር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ብስክሌት ብሎ የሚቀበለው ከ750 ዋት በታች የሆነውን ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ250 ዋትና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይገድበዋል። ስለዚህ በመጠንም በክብደትም የሚመሳሰሉ ሞተሮች አንድ ቦታ አንድ ቁጥር፣ ሌላ ቦታ ሌላ ቁጥር ተለጥፎባቸው ይገኛሉ። ማስታወቂያውን ማድመቅ የፈለገ ሻጭ ደግሞ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚያወጣውን ከፍተኛ ኃይል የዘወትር አስመስሎ ይጽፋል።

መጠየቅ ያለበት ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን፣ ስንት አምፔር እንደሚያሳልፍ ነው። በ48 ቮልት ባትሪ ላይ 20 አምፔር የሚያሳልፍ ኮንትሮለር ከባትሪው 960 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ 15 አምፔር የሚያሳልፈው ግን ተለጣፊው «1000 ዋት» ቢልም ከ720 ብዙም አያልፍም። ለዳገት ደግሞ በኒውተን ሜትር የሚለካው የመጠምዘዝ ጉልበት ከዋቱ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ይህን ቁጥር የማያውቅ ሻጭ የሚሸጠውን ዕቃ አያውቀውም።

«አንዴ ቻርጅ ካደረጉት 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል»

ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ቁጥሩ በባዶ ሜዳ የተፈለሰፈ ነው አልልም፤ ቀላል ሰው፣ በደልዳላ አስፋልት፣ ነፋስ በሌለበት፣ የሞተሩን እገዛ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ አድርጎ፣ ራሱም ፔዳሉን ሳያቋርጥ እየመታ ሲሄድ ሊገኝ የሚችል ርቀት ነው። ገዢው ግን የሚያስበው ኮርቻው ላይ ተደላድሎ፣ እጀታውን እንደ ሞተር ሳይክል ጠምዝዞ መሄድን ነው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ናቸው።

የሻጩን ቃል ትቶ ስሌቱን ራስ መሥራት ከባድ አይደለም። የባትሪውን ቮልት በአምፔር ሰዓቱ ማባዛት ነው፤ 48 ቮልትና 14 አምፔር ሰዓት ሲባዙ 672 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ነው እውነተኛው ጋን። እንዲህ ያለ ከባድ ብስክሌት በሜዳ ላይ፣ ነጂው በደንብ ፔዳል እየመታ፣ በኪሎ ሜትር ከ8 እስከ 10 ዋት ሰዓት ይበላል፤ በእጀታው ብቻ ሲነዳ ግን ከ14 እስከ 18 ይደርሳል። በመጀመሪያው ስሌት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገኛል፤ በሁለተኛው 40 ኪሎ ሜትር። ከዚህም ላይ የባትሪው የመጨረሻ ክፍል መቀነስ አለበት፤ ምክንያቱም ባትሪው ሲጎድል ዳገት ላይ ቮልቱ በድንገት ይወርድና ኮንትሮለሩ ኃይል ያቋርጣል። ማሳያው ገና አንድ መስመር እያሳየ ብስክሌቱ ቀጥ ማለቱ ብልሽት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ሜዳ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ሜዳ አይደለችም። ከመስቀል አደባባይ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለው የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር ይበልጣል። 30 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት፣ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰውና 5 ኪሎ ቦርሳ፣ በድምሩ 110 ኪሎ፣ 600 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 180 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ሞተሩና ኮንትሮለሩ ከሚወስዱት ኃይል አንድ ሦስተኛ ያህሉን ወደ ሙቀት እንደሚለውጡት ከቆጠርን ከባትሪው የሚወጣው ወደ 270 ይጠጋል። በዚህ ላይ የጎማው መጎተትና የመንገዱ ርዝመት ሲጨመሩ፣ ፔዳል ያልመታ ሰው እንጦጦ ሲደርስ ከባትሪው ግማሽ ያህሉ ሄዷል። ዳገቱን በጣም ቀስ ብሎ የሚወጣ ሰው ደግሞ ይብስበታል፤ የጎማ እምብርት ውስጥ ያለ ሞተር ዝግ ብሎ ሲዞር የሚወስደውን ኃይል ከጉልበት ይልቅ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

አንድ ደንበኛዬ «ባትሪው ሐሰተኛ ነው» ብሎ ተቆጥቶ መጥቶ ነበር። ማስረጃው ወንድሙ ነው፤ ባሕር ዳር ያለው ወንድሙ ያንኑ ዓይነት ብስክሌት በአንድ ቻርጅ ሁለት ቀን ይሠራበታል፤ እሱ ግን ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ እየተመላለሰ በየማታው መሰካት ግድ ሆነበት። ባትሪውን ሞልቼ ለካሁት፤ 54.6 ቮልት፣ ልክ እንደሚገባው። ጭነት ሰጥቼ እስኪያልቅ ፈተንኩት፤ የተጻፈበትን ያህል ሰጠ። የባትሪው ጤንነት ሙሉ ነበር፤ ባሕር ዳር ሜዳ ነው፣ ሽሮ ሜዳ ደግሞ ስሙ እንጂ ዳገት ነው። እንዲህ ላለ መንገድ ከሻጩ ቁጥር ግማሹን መቁረጥና በቀረው ላይ መወሰን ያዋጣል፤ ግማሹ ለዕለት ምልልስ የማይበቃ ከሆነ ትልቅ ባትሪ መግዛት ወይም ሐሳቡን መተው ነው።

«ቁልቁለት ሲወርድ ራሱን ቻርጅ ያደርጋል»

አያደርግም። ባለ ወፍራም ጎማ ታጣፊዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ውስጡ ጥርሶች ያሉትን ሞተር ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ መሣሪያ ቁልቁለት ላይ ሞተሩን ከጎማው ይለየዋል፤ ያልዞረ ሞተር ኃይል አያመነጭም። ጥርስ የሌለው ከባድ ሞተር የተገጠመላቸው አንዳንዶች ጥቂት ይመልሳሉ፤ የሚመልሱት ግን ወጪውን የሚያካክስ አይደለም።

«የአዲስ አበባ ከፍታ ሞተሩን ያደክመዋል»

ኦክስጅን የሚፈልገው የነዳጅ ሞተር ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም።

«መብራት ይበላል»

ባዶ የሆነውን 672 ዋት ሰዓት ባትሪ ለመሙላት ከግድግዳ የሚወሰደው ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህን በሩብ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ ለምጣዱ ያልተቆጣ አከራይ ለብስክሌቱ የሚቆጣበት ምክንያት አይታየኝም።

«ስለሚታጠፍ ቀላል ነው፤ ከአሜሪካ በሻንጣ ይመጣል»

መታጠፍና መቅለል አይገናኙም። የእንግሊዙ ብሮምፕተን ዓይነት ሞተር የሌለው ታጣፊ 12 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ በአሜሪካ በብዛት ሲሸጡ ከነበሩት ባለ ወፍራም ጎማዎች አንዱ የሆነው ራድ ኤክስፓንድ 5 ግን 28 ኪሎ ነው፤ ሌሎች ከ30 ያልፋሉ። ማጠፊያው የተሠራው በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ እንዲገባ ነው። አሳንሰር የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ከመግዛቱ በፊት አንድ የሲሚንቶ ከረጢት በግማሽ አጉድሎ ደረጃውን ወጥቶ ይሞክር፤ ክብደቱ ያን ያህል ነው።

የሻንጣው ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። በመንገደኛ አውሮፕላን መለዋወጫ የሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ የሚያዘው እስከ 100 ዋት ሰዓት ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ160 በላይ የሆነው ከመንገደኛ ጋር አይሄድም። 672 ዋት ሰዓት ከጣሪያው አራት እጥፍ ይበልጣል። የአንዲት ደንበኛዬ እህት ይህን ሳታውቅ አየር ማረፊያ ደርሳ ባትሪው ስለተከለከለ ብስክሌቱን ብቻ ይዛ ገባች። እዚህ ደግሞ ከዚያ ብስክሌት አጥንት (ፍሬም) ውስጥ ልክ የሚገባ፣ መገናኛውም የሚገጥም ባትሪ የለም። ያለ ባትሪው እንኳ ክብደቱ ከ23 ኪሎው የሻንጣ ልክ ስለሚያልፍ የትርፍ ጭነት ተከፍሎበታል፤ አሁን ግቢዋ ውስጥ ተሸፍኖ ቆሟል። ባትሪ የሚመጣው በአደገኛ ጭነት ሥርዓት፣ በሕጋዊ ጭነት አስተላላፊ በኩል ነው፤ ያንን ወጪ በዋጋው ላይ ያልደመረ ሰው ገና ዋጋውን አላወቀም።

«ሶኬቱ ከገባ ቻርጀሩ ይሆናል»

ከሁሉም ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። የ48 ቮልት ባትሪ ቻርጀር 54.6 ቮልት ይሰጣል፤ የ52 ቮልቱ ደግሞ 58.8። መሰኪያቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ በባትሪው ውስጥ ያለው መከላከያ ሰሌዳ ልዩነቱን እንዲያቆመው መተማመን ግን በቤተሰብ ላይ ዕጣ መጣል ነው። በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ የሊቲየም ባትሪ ያስነሳው ቃጠሎ 18 ሰዎችን ገድሏል፤ ከተማዋም በዚያው ዓመት መስከረም ወር የዩ.ኤል. 2849 የደኅንነት መለኪያን ያላሟላ የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። ያንን ምልክት የያዘ ዕቃ መፈለግ ቅንጦት አይደለም። ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር ከሆነ ደግሞ ጀርባውን ማንበብ ነው፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የማይል ከሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል፤ አንዳንዶቹ ላይ በእጅ የሚቀየር ማብሪያ አለና ከመሰካት በፊት ወደ 230 መዞሩን ማየት ያስፈልጋል። ባትሪውን በመውጫ በር አጠገብና ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ሳለ ቻርጅ አለማድረግም አንድ ደንብ ይሁን። ባትሪውን ሙሉ በሙሉ አሟጥጦ መሙላት ዕድሜውን ያረዝማል የሚለው ደግሞ ከድሮ የኒኬል ባትሪዎች የተረፈ ወሬ ነው፤ ሊቲየምን ይጎዳዋል።

«ወፍራም ጎማ አይበሳም፤ በደንብ ይነፋ»

ይበሳል። ባለ ወፍራም ጎማ ብስክሌት የተስፋፋው በአላስካ በረዶና በበረሃ አሸዋ ላይ እንዳይሰምጥ ተብሎ ነው፤ ሰርሊ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፐግዝሊ የተባለውን ባለ ወፍራም ጎማ ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ2005 ገበያ ላይ ሲያወጣ እሾህን አልነበረም ያሰበው። የኋላው ሲበሳ የሞተሩን ሽቦ ነቅሎ፣ ሁለቱን ትላልቅ ዳዶዎች በ18 ቁልፍ ፈትቶ ማውጣት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ቁልፉንና ትርፍ የውስጥ ጎማ ይዞ መግዛት ነው፤ የ20 በ4 የውስጥ ጎማ በየሰፈሩ አይገኝም። ጎሚስታ ጋ ሲደርሱ ግን ከፊቱ አይራቁ። የጭነት መኪና ጎማ መንፋት የለመደ እጅ ይህን ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ከልክ ያሳልፈዋል፤ ለአስፋልት ከ20 እስከ 30 ፒ.ኤስ.አይ. (የጎማ ግፊት መለኪያ) ይበቃዋል፤ ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ብስክሌቱን ላቫጆ ወስደው በግፊት ውኃ ማሳጠብንም ይተዉ፤ ዝናብ መቋቋምና በግፊት የተረጨ ውኃ መቋቋም የተለያዩ ናቸው።

«ማጠፊያው ከጠበቀ፣ ፍሬኑ ከያዘ ምን ይፈተሻል?»

ራሱ መጥበቁና መያዙ ይፈተሻል። የፊት ፍሬኑን ጨብጦ መሪውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያወዛውዙት በማጠፊያው ወይም በመሪው ግንድ ላይ «ቀጭ» የሚል ከሆነ በብሎን የሚስተካከል መሆኑን ባለሙያ ሳያይ አይግዙ፤ ረጅሙ ታጣፊ ግንድ ከፍተኛ ጫና የሚያርፍበት ቦታ ነው። ፍሬኑ በሽቦ የሚሠራ ዲስክ ከሆነ 110 ኪሎ ከእንጦጦ ሲወርድ እጅ ያደክማል፤ የዘይት ፍሬን ያለው ይመረጥ፤ ዋጋው ቢበልጥም። ያገለገለ ብስክሌት ሲሆን ደግሞ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ይለካ፤ ከዚያ ሻጩ ካቆመበት ሜዳ ላይ ሳይሆን ረጅም ዳገት ላይ፣ ፔዳል ሳይመቱ፣ በእጀታው ብቻ ወጥተው ወዲያው እንደገና ይለኩት። ዳገቱ ላይ ኃይሉን ያቋረጠ ባትሪ፣ ማሳያው ምንም ቢል፣ በአዲስ መተካቱ ስለማይቀር ዋጋው ከብስክሌቱ ዋጋ ላይ ተቀንሶ ድርድሩ ከዚያ ይጀምር።