«በፌስታል ጠቅልዬ ቆልፌበታለሁ»፦ ምድር ቤት ስለሚቀመጥ የድሮ ገንዘብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በየዓመቱ መስቀል አልፎ ጭቃው መድረቅ ሲጀምር፣ ጎንደር ፒያሳ ወዳለችው የድሮ ዕቃ ሱቄ አንድ ዓይነት ደንበኛ ይመጣል። እጁ ላይ ጥቁር ፌስታል አለ። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ እሱ ውስጥ በላስቲክ የታሰረ ጨርቅ፣ ጨርቁ ውስጥ የአያቱ ማርትሬዛ (ጠገራ ብር)፣ ጥቂት የጃንሆይ ሳንቲም፣ አንዳንዴም አራት ላይ የታጠፈ የወረቀት ብር። ቋጠሮው ሲፈታ ከዕቃው በፊት ሽታው ይወጣል። ከዚያ ያው የማውቀው ንግግር ይከተላል፦ «ጋሼ፣ እንዴት ሊበላሽ ቻለ? እኔ እኮ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሳንዱቅ ውስጥ ቆልፌ፣ ምድር ቤት ነው ያስቀመጥሁት!»

ታዲያ የተበላሸው ለዚያ አይደል? ይህን መልስ ስመልስ ሃያ ዓመት አለፈኝ፤ አፌ ደከመ። ትንንሾቹን ስሕተቶች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸውና የፌስታሉን ጉዳይ እዘረዝረዋለሁ።

«ብር አይዝግም።» አይዝግም፣ ይጠቁራል። የሚያጠቁረው ድኝ ያለበት አየር ነው፤ ከኩበት ጭስና ከሽንኩርት ጆንያ ጋር በሚኖር ምድር ቤት ደግሞ እሱ አይጠፋም። ስስ ጥቁረት ሳንቲሙን አይበላውም፤ ተዉት።

«ማርትሬዛው 1780 ስለሚል የ1780 ነው።» ከአቀማመጥ ጋር አይገናኝም፣ ግን ስለሰለቸኝ አላልፈውም። እ.ኤ.አ. 1780 መልኳ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ በቪየናም፣ በለንደንም፣ በቦምቤይም የተመታው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጣሊያን በሮም ያስመታውም እንደዚያው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከሺሕ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው መዳብ። ይህን መዳብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

«ናፍታሊን ጨምሬበታለሁ።» ለጋቢያችሁ መልካም ነው። ሳንቲምን ብል አይበላውም፤ እርጥበት ደግሞ ናፍታሊንን አይፈራም።

«የወረቀቱን ብር ላሚኔት አስደርጌዋለሁ።» አዝናለሁ። ሙጫው በሙቀት ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል፤ ወረቀቱን ሳይጎዳ የሚያላቅቀው አላየሁም። ላሚኔት የሆነ ብር የሚገዛ ሰብሳቢም እስከዛሬ ሱቄን አልረገጠም።

«ምድር ቤት ቀዝቃዛ ስለሆነ ዕቃ ያቆያል።» ድንች ያቆያል። ጎንደር በአንገረብና በቀሃ መካከል ኮረብታ ላይ ናት፤ ተዳፋት ላይ ስለምንሠራ ምድር ቤት የምንለው ክፍል ፊቱ ወደ ግቢ የተከፈተ፣ ጀርባው አፈር ውስጥ የተቀበረ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዳገቱ የጠጣውን ውሃ በዚያ በጀርባው ግድግዳ በኩል ይልክልናል። «ወለሉ እኮ ሲሚንቶ ነው» ይሉኛል። ሲሚንቶ ውሃን እንደ ኩራዝ ክር ይስባል። የማያምን ሰው ክንድ በክንድ የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ ይዘርጋ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቆ ይለጥፍና ያሳድረው። ጠዋት ላቡ ከላስቲኩ ሥር ከሆነ ውሃው ከመሬት እየመጣ ነው፤ ላዩ ላይ ከሆነ ከአየሩ። እኔ ቤት በሁለቱም በኩል ነበር። አንድ ጎረቤቴ ይህን ስነግረው «የፋሲል ግንብ በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ስንት መቶ ክረምት አሳልፎ የለም ወይ?» አለኝ። አሳልፏል። የቆየው ግን ድንጋዩ ነው፤ በውስጡ የነበረው ጨርቅና ወረቀት የት አለ?

እንግዲህ ወደ ፌስታሉ።

ሰው የሚያስበው፣ እርጥበት ከውጭ የሚመጣ ጠላት ነው፣ በሩን ከዘጋሁበት አይገባም ብሎ ነው። ሳንዱቁን ስትዘጉ ግን አየርም አብራችሁ ዘግታችኋል፤ አየሩ ደግሞ ውሃ ተሸክሟል። 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይይዛል። ያው አየር ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ የሚችለው 13 ግራም ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በነሐሴ ከሰዓት በኋላ፣ ከአቅሙ 80 በመቶ የያዘ አየር፣ ማለትም 14 ግራም ገደማ የተሸከመ፣ ምድር ቤት ገብቶ ቀዘቀዘ እንበል። ትርፉ የት ይሂድ? ግድግዳው ላይ፣ ሳንዱቁ ላይ፣ ሳንቲሙ ላይ ያርፋል። «ትንሽ ይናፈስ» ብሎ በክረምት ቀን የምድር ቤቱን መስኮት የሚከፍት ሰውም ውሃውን በእጁ እያስገባ ነው።

ፌስታሉን የቋጠራችሁት መቼ ነው? ብዙው ሰው የሚጠቀልለው ጣሪያው ማንጠባጠብ ሲጀምር ነው፤ በላብ እጁ እየነካካ፣ እፍ እያለ አቧራውን እያራገፈ። ጨርቁ ራሱ ጥጥ ነው፣ ውሃ ጠጥቶ ነው የገባው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ፌስታሉ ከውስጥ ያልበዋል፤ ቋጠሮው ጠብቋልና ላቡ መውጫ የለውም። ክፍት መደርደሪያ ላይ ቢሆን ኖሮ ታኅሣሥና ጥር ሲመጣ በደረቀ ነበር። ውጭው በጋ ሲሆን ፌስታሉ ውስጥ ገና ነሐሴ ነው። ያ ያዙልኝ ያልኋችሁ መዳብ የሚያረነጉደውም እዚያ ነው፤ ማርትሬዛው ጠርዙ ላይ ይጀምረዋል፣ የ1936 ዓ.ም. የጃንሆይ ሳንቲም ግን መዳብነቱ ስለሚበዛ ፊቱን ሁሉ ይወርሰዋል።

የላስቲኩ ዓይነትም ሌላ ጣጣ ነው። ይህን የተማርሁት በራሴ ላይ ነው። በ1998 ዓ.ም. «ለሳንቲም የተሠራ» የተባለ፣ ኪሶቹ የሚለሰልሱ አልበም ገዛሁ። ኩራቴ የነበሩትን ክብ 25 ሳንቲሞች ደረደርሁበት። የማታውቁት ካላችሁ፣ የ1936ቱ 25 ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ነበር፤ ከብር ከተሠራው 50 ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ ሰው ነጭ እየቀባ በ50 ያሳልፈው ገባ፤ በዚህ ምክንያት ጠርዙ እንደ አበባ ሆኖ እንደገና ተመታ። ክቡ ስለዚህ ይፈለጋል። አልበሙን ምድር ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ከትቼ ረሳሁት። ከሁለት ክረምት በኋላ ስገልጠው ሳንቲሞቹ ከኪሱ አልወጣ አሉ። በጥፍሬ ሳላቅቃቸው አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ፣ ቀዝቃዛ ንፍጥ መሰል ነገር ጣቴ ላይ ቀረ። ሽታው አዲስ የዝናብ ልብስ ይመስላል። ኪሱ ፒቪሲ የሚባለው የላስቲክ ዓይነት ነው፤ ለማለስለሻ የገባበት ዘይት ይወጣል፣ ላስቲኩ እያረጀ ሲሄድም አሲድ ይለቃል፣ አሲዱ መዳቡን ይበላል። ንጹሕ አሴቶን ቅባቱን አነሣልኝ (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አይሆንም፣ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ነው)፣ የተበላውን ግን ማን ይመልሰው? ከአሥራ አንድ ሳንቲም አራት ተረፉኝ።

ስለዚህ አሁን ማንኛውንም ላስቲክ ሳልፈትን አልጠቀምም። ከኤሌክትሪክ ገመድ የመዳብ ሽቦ ልጣችሁ በፒንሳ ያዙ። በቡታጋዝ እሳት አግሉት፤ መጀመሪያ እሳቱ አረንጓዴ ቢሆን አትደንግጡ፣ የገመዱ ሽፋን ራሱ ፒቪሲ ስለሆነ የሱ ቅሪት ነው፤ አረንጓዴው እስኪጠፋ አቃጥሉት። ከዚያ የጋለውን ሽቦ ላስቲኩ ላይ ነካ አድርጋችሁ መልሳችሁ እሳት ውስጥ አግቡት። አረንጓዴ ነበልባል ካያችሁ ያንን ላስቲክ ከሳንቲም አርቁት። መስኮት ክፈቱ፣ ጭሱን አትሳቡ፣ ልጆች አጠገባችሁ አይቁሙ። የማያረነጉዱት ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊኤቲሊንና ማይላር ይሆናሉ። ከነዚህ የተሠራ የሳንቲም ኪስ እዚህ ገበያ ላይ በቀላሉ አይገኝም፤ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ከሽቶ ይልቅ ይህንን እዘዙት።

ማሰሪያው ላስቲክም አይረሳ፤ ጎማ ድኝ አለበት። ባለፈው ዓመት የመጣልኝ ማርትሬዛ በንግሥቲቱ ጉንጭ ላይ ከጆሮ እስከ አገጭ የሚወርድ ጥቁር መስመር ነበረው፤ ጠባሳ ይመስል ነበር።

«ሩዝ አድርጌበታለሁ» የሚሉኝም አሉ። ሩዝ የሚስበው እርጥበት ትንሽ ነው፣ ዱቄቱ ይቀራል፣ ነቀዝና አይጥ ይጠራል። ከሰልም ብናኙ ይተርፋችኋል። ጨው ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ውሃ ስቦ ይቀልጣል፣ ጨዋማው ውሃ መዳብ ሲነካ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት የሚያወጣ በሽታ ይጀምራል፤ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ይቀጥላል፣ እየቆፈረ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሳንቲም ካያችሁ መጀመሪያ ከሌሎቹ ለዩት። የሚሠራው ሲሊካ ጄል የሚባለው እርጥበት የሚመጥ ፍሬ ነው፤ እሱም ከጫማ ካርቶን ያወጣችሁት ትንሽ ከረጢት አይደለም፣ እሱ እናንተ ጋ ሲደርስ ጠግቦ ነው። ፍሬውን ለብቻው ግዙ፣ ሲጠግብ ቀለሙን የሚለውጠውን፤ ብርቱካናማው ይሻላል፣ ሰማያዊው ውስጥ ያለው ኮባልት መርዝ ነው። ሲጠግብ በኦቨን በ120 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ያህል አድርቃችሁ መልሱት።

አንድ ነገር ከአቀማመጥ ትንሽ ቢወጣም ካልተናገርሁት አላድርም። አንዲት እናት ልጃቸው ከውጭ ለጥምቀት ሲመጣ ደስ ይበለው ብለው፣ ምድር ቤት የጠቆረውን የምኒልክ ብር በሎሚና በአመድ ፈተጉት። 1887 የተጻፈበት፣ ፓሪስ የተመታ፣ ጥቁረቱን ከነጎፈሩ ለብሶ የቆየ አንበሳ። ሱቄ ሲያመጡት እንደ መስታወት ያበራል፤ አንበሳው ግን ጎፈሩን ተላጭቶ ድመት መስሏል። «ልጄ፣ እንዴት ነው፣ አማረ አይደል?» አሉኝ። ምን ልበል? «አምሯል እማማ» አልኋቸው። ልጃቸውን ለብቻው ወደ ውጭ ጠርቼ ዋጋው ወደ ብሩ ክብደት ብቻ እንደወረደ ነገርሁት። አመድ አሸዋ ነው፣ ሎሚ አሲድ ነው፤ ለድስት ፍቀዱላቸው።

ከምድር ቤት ሌላ ቦታ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? እኔም የለኝም፤ ላይ ቤት ልጆችና እንግዳ አይጠፉም። የማሸግ ሥራ የሚሠራው ከጥምቀት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ አየሩ ደርቋልና። ሳንቲሞቹን ጠርዛቸውን ብቻ ይዛችሁ፣ በንጹሕ ደረቅ እጅ፣ እያንዳንዱን በየኪሱ። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካና ከትንሽ የእርጥበት መለኪያ ጋር፤ መለኪያው ሳትከፍቱ ከውጭ እንዲነበብ አድርጉ። ከ50 በመቶ ካለፈ ሲሊካው ይድረቅ። ዘመናዊ የዋንዛ ሣጥን አታሠሩ፤ አዲስ እንጨትና ቫርኒሽ አሲድ ያለበት ትነት ያወጣሉ። መደርደሪያው ከወለሉ ሁለት ስንዝር ከፍ ይበል፤ ከጀርባው፣ አፈር ካለበት ግድግዳ ሳይሆን ከፊተኛው ጎን ይሁን። የጠላ ጋን ያለበት ክፍል ከሆነ አንዱን አውጡ፤ ሲቦካ ሲኮመጥጥ የሚወጣው እንፋሎት ሁለቱን አብሮ አያኖርም። የወረቀት ብር ከብረት ለይታችሁ፣ ሳታጥፉ፣ ስፒል ሳትወጉበት አኑሩ። በክረምት ሣጥኑን አትክፈቱ፤ እንግዳ መጥቶ «አሳየን» ቢል ፎቶ አሳዩት።

ደግሞም «ምድር ቤት ነው፣ ማንም አያውቀው» የሚለው። ሌባ ላያውቀው ይችላል፣ ችግሩ ልጆቻችሁም አያውቁትም። እያንዳንዱን ሳንቲም ፎቶ አንሡ፣ ክብደቱን ጻፉ፣ ዝርዝሩን ቤተሰብ ከሚያምነው አንድ ሰው ጋ አኑሩ። እኔ የማውቃቸው አንድ አባት ለማንም ሳይናገሩ ዐረፉ። ከዐርባቸው በኋላ ልጆቹ ምድር ቤቱን ለማከራየት ሲያጸዱ አሮጌውን ሳንዱቅ ከነኮተቱ ቅዳሜ ገበያ አወጡት። ይህን በምን አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። ሳንዱቁን የገዛው ሰው ከታች በኩል ጨርቅ አግኝቶ፣ አድራሻዬን ጠይቆ፣ ሱቄ ድረስ ይዞልኝ መጣ። ሦስት ፌስታል ነበር የተደራረበው። ስንፈታው ሃያ ሁለት ማርትሬዛ፣ ግማሾቹ እርስ በርስ ተጣብቀው።