ማደግን ጌታም አልዘለለውም

ጌታችን ኢየሱስ 13 ዓመት የሆነበት ጊዜ ነበር። ይህን ብዙ ጊዜ አናስበውም። ከግርግም ተነሥተን በቀጥታ ዮርዳኖስ እንወርዳለን። በመሃል ያሉትን ዓመታት ሉቃስ በጥቂት ቃል ነው ያለፋቸው፦ «ኢየሱስም በጥበብና በቁመት በሞገስም በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ያድግ ነበር» (ሉቃ. 2፥52)። በቁመት ያድግ ነበር። ድምፁ ጎርንኗል። ጢሙ አቀምቅሟል። ትናንት የለበሰው ልብስ ዛሬ አጥሮበት ይሆናል። ሥጋ ለበሰ ስንል ይህንንም ጭምር ማለታችን ነው። እንደ አዳም ሙሉ ሰው ሆኖ በአንድ ቀን መገለጥ ይችል ነበር። እሱ ግን ከማኅፀን ጀመረ፤ በጉርምስናም በኩል አለፈ።

ይህን ጥቅስ እንደገና እንዳነበው ያደረገችኝ አንዲት እናት ናት። ከጸሎት በኋላ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ ቀረበችኝ። «ወንድሜ፣ ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ይሄ ሰውነት የኔ አይደለም፣ እኔ ወንድ ነኝ ትለኛለች። ሕክምና እንዳለው አንብባለች። ምን ልበላት?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሳልውል ሳላድር ዘፍጥረት 1፥27ን ጠቀስኩላት፦ «ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው»። እሷም «አሜን» ብላ ሄደች። አካሄዷ ግን የተጽናና ሰው አካሄድ አልነበረም።

ቃሉ እውነት ነው። ዛሬም በሙሉ ልቤ አምነዋለሁ። ያቺ እናት ግን ጥቅሱን ከኔ በፊት ታውቀዋለች። የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነበር። «ሳይሰማ ነገርን የሚመልስ ስንፍናና እፍረት ይሆንበታል» (ምሳ. 18፥13) የሚለው ቃል ለሳምንታት አላስተኛኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አነበብኩ፤ ሐኪሞችን ጠየቅኩ፤ ጸለይኩ። ያን ቀን ልነግራት ይገባኝ የነበረውን እነሆ ዛሬ ለእናንተም እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ምን እንደምንነጋገር እንወቅ። አንድ ልጅ በተወለደበት ጾታና ውስጡ በሚሰማው ስሜት መካከል አለመጣጣም ሲኖርና ይህም ብርቱ ጭንቀት ሲያመጣበት ሐኪሞች ጀንደር ዲስፎሪያ ይሉታል። ጭንቀቱ የምር ነው። ልጁ እየቀለደ አይደለም። ለዚህ የሚቀርበው ሕክምና ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ጉርምስናን የሚያቆም መድኃኒት ይሰጣል። ይህ መድኃኒት ከአንጎል ወደ ዘር እጢዎች የሚሄደውን ትእዛዝ ያቋርጣል፤ ጡት አያጎጠጉጥም፣ ድምፅ አይጎረንንም። ቀጥሎ ሆርሞን ይመጣል፤ ለሴት ልጅ ቴስቶስትሮን፣ ለወንድ ልጅ ኤስትሮጅን። መጨረሻ ላይ ቀዶ ሕክምና አለ። ይህን ቅደም ተከተል በ1990ዎቹ ያወጡት የኔዘርላንድ ሐኪሞች ናቸው። ማቆሚያውን ከ12 ዓመት፣ ሆርሞኑን ከ16፣ ቀዶ ሕክምናውን ከ18 ዓመት ጀምሮ ብለው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። በ6 ወይም በ7 ዓመቱ ጉርምስና የሚጀምረው ልጅ አለ። ለእሱም ይኸው ማቆሚያ መድኃኒት ይሰጣል። ሲወለድ ጾታው በግልጽ የማይለይ ሕፃንም አለ። እነዚህ ሌላ ጉዳዮች ናቸው። የእነዚህን ልጆች ወላጆች በዚህ ጽሑፍ ማንም እንዳያስጨንቅብኝ አደራ።

የማቆሚያው ሐሳብ መልካም ይመስላል። ልጁ ረጋ ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ያግኝ ነው የሚሉት። ግን የሆነውን ተመልከቱ። በእንግሊዝ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 15 የሆኑ 44 ልጆች በጥናት ውስጥ ሆነው ማቆሚያውን ወሰዱ። ከእነሱ 43ቱ ወደ ሆርሞን አለፉ። አንዳንዶች «ልጆቹ በደንብ ተመርጠው ስለነበር ነው» ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ሌሎች ደግሞ «መድኃኒቱ ራሱ መንገዱን ቀድሞ ይወስነዋል» ይላሉ፤ ምክንያቱም የልጁ ሐሳብ የሚበስለው ሰውነቱ ሲበስል አብሮ ነው። እኔ የሁለተኛው ስጋት ይከብደኛል። ልጅ ጓደኞቹ ሁሉ እያደጉ እሱ ብቻ ባለበት ቆሞ፣ ስለ ማደግ እንዴት አድርጎ ያስባል?

አካሉም ዋጋ ይከፍላል። አጥንት በብዛት የሚጠነክረው ይህ መድኃኒት በሚያቆመው በጉርምስና ዘመን ነው። በቴስቶስትሮን የጎረነነ ድምፅ መድኃኒቱ ቢቋረጥም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የመውለድ ነገር ነው። አንድ ልጅ ገና በጉርምስናው መጀመሪያ ማቆሚያ ወስዶ በቀጥታ ወደ ሆርሞን ከገባ፣ ዘሩ ሳይበስል ሊቀር ይችላል። ይህን ለ13 ዓመት ልጅ አስረድቶ «ትስማማለህ?» ብሎ መጠየቅ ምን ማለት ነው? በዚያ ዕድሜ «መውለድ አልፈልግም» ያላችሁ ስንቶቻችሁ ዛሬ ልጅ ታቅፋችሁ ይህን ታነባላችሁ? ልጁ ዋሽቶ አይደለም። ገና ያላገኘውን ነገር አልፈልግም ማለት ቀላል ስለሆነ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ላይ የሚገርም ርኅራኄ አለው። እስራኤል በቃዴስ ሲያምፁ እግዚአብሔር ፍርዱን የተናገረው ከ20 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ነው (ዘኁ. 14፥29)። ልጆቹን ግን «መልካሙንና ክፉውን መለየት የማይችሉ» ብሎ ጠራቸውና ምድሪቱን ለእነርሱ ጠበቀላቸው (ዘዳ. 1፥39)። አስተውሉ፤ ልጆቹን አልናቃቸውም። አለማወቃቸውን ጥፋት አላደረገባቸውም። የአዋቂን ሸክም አላሸከማቸውም እንጂ። ሙሉ የሕይወት ዘመን የሚጸና ውሳኔ በ13 ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ ስናደርግ፣ ጌታ ያልጫነውን እየጫንን ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ አቋሜን ሳልሸፋፍን ልናገር፦ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ይህ ሕክምና ሊሰጠው አይገባም።

ይህን የሚሉት አማኞች ብቻ አይደሉም። በእንግሊዝ ለዚህ ጉዳይ ለልጆች በተከፈተው ክሊኒክ በ2009 የተላኩት ልጆች 50 አይሞሉም ነበር። በ2021 እና 2022 መካከል በአንድ ዓመት ብቻ ወደ 5,000 ደረሱ። አብዛኞቹ ደግሞ ጭንቀቱ በጉርምስና የጀመራቸው ሴቶች ልጆች ነበሩ። ድብርት ወይም ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ነበሩ። የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ሂላሪ ካስ ጉዳዩን ለዓመታት መርምረው በሚያዝያ 2024 የመጨረሻ ሪፖርታቸውን አወጡ። ሕክምናው የቆመበት ማስረጃ ደካማ ሆኖ አገኙት። የአገሪቱ መንግሥትም በዚያው ዓመት ማቆሚያውን ለዚህ ጉዳይ ከ18 ዓመት በታች ላሉ አዲስ ታካሚዎች ከምርምር ውጭ ላልተወሰነ ጊዜ ከለከለ። ፊንላንድ በ2020፣ ስዊድን በ2022 ቀድመው መጠንቀቅ ጀምረው ነበር። የሥነ ልቦና እርዳታ ይቅደም አሉ። እነዚህ አገሮች ውሳኔያቸውን ከመድረክ ስብከት አልወሰዱትም። ማስረጃውን መርምረው ነው ፍጥነታቸውን የቀነሱት።

ግን ግማሹን ብቻ ነግሬያችሁ አልሄድም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕክምናውን ይደግፋል። በዚያው አገር ከ20 በላይ ግዛቶች ደግሞ በሕግ ከልክለውታል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሰኔ 2025 የቴነሲን ክልከላ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ አጽንቶታል። ዶክተር ካስም ቢሆኑ ለአንዳንድ ወጣቶች የሕክምናው መንገድ ትክክል ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ግን ብለዋል። «ሐኪም ሁሉ ከእኛ ጋር ነው» ብሎ የሚያስተምር ወንድም ካለ ያርም። ለእውነት ብለን መዋሸት አንችልም።

አሁን ወላጆችን ስለሚያስፈራው ነገር ላውራ። «ካልፈቀድክለት ራሱን ያጠፋል» የሚባሉ አባቶችና እናቶች አሉ። ይህን ሰምቶ ማን ወላጅ ይጸናል? እነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው ይልቅ በሞት ሐሳብ እንደሚፈተኑ የታወቀ ነው። ይህን ማቃለል ኃጢአት ነው። ቢሆንም በእንግሊዝ «ማቆሚያው በ2020 በፍርድ ቤት ውሳኔ ከተገደበ ወዲህ ራሳቸውን ያጠፉ ልጆች ቁጥር እጅግ ጨመረ» ተብሎ ሲወራ፣ ራስን ስለ ማጥፋት የሚያጠኑት ፕሮፌሰር ሉዊስ አፕልቢ በመንግሥት ጥያቄ መረጃውን መርምረው ነበር። በ2024 ባወጡት ሪፖርት መረጃው ወሬውን እንደማይደግፍ ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ወሬ በልጁ ጆሮ ሲደጋገም ራሱ አደጋ እንደሚሆንም አስጠንቅቀዋል።

ልጃችሁ ስለ መሞት ካወራ ግን ክርክሩን ሁሉ ተዉት። ብቻውን አትተዉት። በዚያው ቀን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት። መጸለይና ሐኪም ቤት መሄድ አይጣሉም። ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ምክንያቱም «አይሰጠው» ማለት ለእኛ ምንም ዋጋ አያስከፍለንም። ዋጋ የሚያስከፍለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጁ ነገም ይነሣል። ያ የጠላው ሰውነት ውስጥ ሆኖ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። መስተዋት ፊት ሲቆም ያለቅሳል። እኛ ከልክለነው ዞር ካልን፣ ያን መስተዋት ብቻውን ነው የሚጋፈጠው።

ደግሞ ለዚህ ጭንቀት እኛም የምናዋጣው አለ። ኳስ የምትወድ ልጅ ስናይ «ይቺማ ወንድ ናት» እንላለን። ዝምተኛና እንባው ቅርብ የሆነውን ልጅ «እንደ ሴት አትሁን» እያልን እናሳድጋለን። ልጁም የነገርነውን ያምናል። ወንድ ማለት ይህ ከሆነ እኔ ወንድ አይደለሁም ይላል። መጽሐፉ ግን ከእኛ ይልቅ ሰፊ ነው። ዔሳው አዳኝ፣ የበረሃ ሰው ነበር። ያዕቆብ ጭምት፣ በድንኳን የሚቀመጥ ሰው ነበር፤ ወጥም ይሠራ ነበር። እግዚአብሔር ግን «የያዕቆብ አምላክ» ተብሎ መጠራትን አላፈረበትም። ዳዊት በገና ይደረድራል፣ ያለቅሳል፣ ጎልያድንም ይጥላል። ዲቦራ በእስራኤል ላይ ትፈርዳለች። ለልጆቻችን ይህን አሳይተናቸው ብናሳድጋቸው፣ አንዳንዶቹ ሰውነታቸውን ሳይጠሉ ራሳቸውን ያገኙ ነበር።

እባካችሁ እነዚህን ልጆች መድረክ ላይ አቁመን አንጩኽባቸው። ስማቸውን እየጠራን የጸሎት ርዕስ አናድርጋቸው። በኢሳይያስ 56 «እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ» የሚለውን ጃንደረባ እግዚአብሔር «እንዲህ አይበል» ብሎ ያጽናናዋል። ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም በቤቱ እንደሚሰጠው ቃል ገባለት። ሕክምናውን ቀድሞ ወስዶ ዛሬ የሚጸጸት ወጣት በመካከላችን ቢኖር፣ ወይም የማይጸጸት ቢኖር፣ የመጀመሪያው ቃላችን ከዚህ ምዕራፍ ይሁን።

በማርቆስ 9 አንድ አባት የታመመ ልጁን ወደ ጌታ ያመጣል። የዚያ ልጅ ሕመም ሌላ ነው፤ አላመሳስለውም። የማየው ጌታ የሠራበትን መንገድ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ከጻፎች ጋር ይከራከራሉ። ሕዝቡ ይጋፋል። ልጁ መሬት ላይ ነው። ጌታ በቃሉ ሁሉን ማድረግ እየቻለ መጀመሪያ አባቱን ጠየቀ፦ «ይህ ከያዘው ስንት ዘመን ነው?» መልሱን አያውቅም ነበር? ያውቃል። ግን ያ አባት ያን ሁሉ ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም ይሆናል።

ያቺን እናት በቅርቡ እንደገና አገኘኋት። ይቅርታ ጠየቅኳት። ይህንኑ የማርቆስን ክፍል አብረን አነበብን፤ ሌላ ብዙም አልተናገርኩም። ከሳምንት በኋላ ደወለችልኝ። ማታ ልጇ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እንዲህ የሚሰማሽ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላ ጠይቃታለች። ልጅቷ መጀመሪያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ማውራት ጀመረች። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄዳ፣ ለማንም ተናግራው የማታውቀውን አንድ ነገር አወጣች። እናትየዋ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። «ሌሊቱን ሙሉ አንድም ጥቅስ አልጠቀስኩም» አለችኝ። «እጇን ይዤ ሰማኋት። ሲነጋ፣ ነገም ትመጫለሽ አለችኝ።»