በቆዳ ዕጢ ውስጥ ቫይረስ እንዴት ይፈለጋል?

ደሴና አካባቢዋ የቆዳ በሽታ ሲነሳ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሳይጠራ አይቀርም። የሥጋ ደዌና የቆዳ ሕሙማን ለብዙ ዓመታት ሲመላለሱበት የኖረ ቤት ነው። ቆዳ ላይ የሚወጣ ዕጢ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ከአንዳንዱ ጀርባ ቫይረስ አለ፤ እሱን ለይቶ ማወቅ ደግሞ ለበሽታው ትክክለኛ ስም ለመስጠት በጣም ይረዳል።

ከቫይረስ ጋር ከተያያዙት ውስጥ እኛ ጋ ይበልጥ የሚታወቀው ካፖሲ ሳርኮማ ነው። እግር ላይ፣ ፊት ላይ ወይም አፍ ውስጥ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ እብጠት ሆኖ ይወጣል። ኤችአይቪ የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክም ይበረታል፤ ዋናው አምጪው ግን ኤችኤችቪ 8 የሚባል የሄርፐስ ዘመድ ነው። ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ከነባልደረቦቻቸው አገኙት። በ2008 ደግሞ ያው ቡድን ሜርክል ሴል ካርሲኖማ በሚባለው ብርቅ ግን አደገኛ የቆዳ ካንሰር ውስጥ ሌላ አዲስ ቫይረስ አገኘ። ከ10 ዕጢ በ8ቱ ውስጥ ነበር። ያገኙበት መንገድ በጣም ደስ ይላል፦ ከዕጢው የወጣውን አርኤንኤ (ሴሉ ከዲኤንኤው የሚገለብጠውን መልእክት) አንብበው የሰው የሆነውን ሁሉ በኮምፒውተር እየቀነሱ ሄዱ፣ ከተረፈው ውስጥ የቫይረሱ ቁራጭ ብቅ አለ።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ፒሲአር ነው። ደሴ ለዚህ እንግዳ አይደለችም፤ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ደሴ ቅርንጫፍ የኤችአይቪ ቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን፣ የሚለካው በዚሁ ዘዴ ነው። ፒሲአር ከናሙናው የቫይረሱን ዲኤንኤ ቁራጭ እያባዛ እስኪታይ ድረስ ያበዛዋል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የሜርክል ቫይረስ ጤነኛ ሰው ቆዳ ላይም በብዛት ይኖራል። ሌባው ሰኞ ገበያ ታየ ማለት እዚህ ሱቅ ሰረቀ ማለት አይደለም። ስለዚህ «አለ» የሚል መልስ ብቻውን አይበቃም፣ ለአንድ ሴል ስንት ቅጂ እንዳለ የሚለካ ፒሲአር ያስፈልጋል፤ ቅጂው በጣም ጥቂት ከሆነ ቫይረሱ አላፊ መንገደኛ ሊሆን ይችላል።

እኔ ይበልጥ የማምነው ሁለተኛውን መንገድ ነው። ዕጢው በስሱ ተቆርጦ መስታወት ላይ ይደረግና አንቲቦዲ የሚባል፣ የቫይረሱን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ነገር ይጨመርበታል። ለካፖሲ የሚፈለገው ላና የሚባለው ፕሮቲን ነው፤ የሴሉ ኒውክለስ ውስጥ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ለሜርክል ደግሞ ላርጅ ቲ አንቲጅን። ፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም፣ ቫይረሱ ካንሰር ሴሉ ውስጥ ይሁን ከጎኑ በዓይኑ ያያል፣ ይህን ፒሲአር ሊነግረው አይችልም። ፕሮቲኑ ትንሽ ሲሆን ግን ሊያመልጥ ይችላል፤ ሁለቱን አብሮ መሥራት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

የቫይረሱ ዲኤንኤ ከሰውየው ዲኤንኤ ጋር የት እንደተጣበቀ የሚያሳይ ንባብም አለ፣ ውድ ስለሆነ ለምርምር ነው የሚውለው።

ሁሉም ነገር የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ላይ ነው። የተቆረጠው ሥጋ ወዲያው የራሱን መጠን አሥር እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፈሳሽ) ውስጥ መግባት አለበት፤ ፎርማሊኑም 10 በመቶ ሆኖ አሲድነቱ የተስተካከለ ይሁን። ለሳምንታት ከተረሳ ዲኤንኤው ይሰባበርና ቫይረሱ እያለ «የለም» ይባላል። ጥሩ ላብራቶሪ ለዚህ የሰውየውን የራሱን ጂን አብሮ ይፈትሻል፦ እሱ ካልወጣ የቫይረሱ «የለም» ዋጋ የለውም። ባዶ ናሙናም አብሮ ይሮጣል። ባዶው ፖዘቲቭ ካለ የሆነ ቦታ ብክለት አለ፣ ምናልባትም ከአንዱ ብሎክ (ሥጋው ከተቀበረበት ሰም) ወደ ሌላው ሳይጸዳ ያለፈ ምላጭ።

በደንብ የተዘጋጀ የሰም ብሎክ ለዓመታት ይቆያል፤ ደሴ ተሠርቶ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ ሲላክም በረዶ አይፈልግም። የታመመ ዘመድ ያላችሁ፣ ውጤቱን ስትቀበሉ ብሎኩ የት እንደተቀመጠ ጠይቁ።